ሺህን በሕፃናት እጅ ያስቀመጠች ሐኪም፦ የማሪያ ሞንቴሶሪ የሕይወት ታሪክ

የሰው ታሪክ ከመጀመሬ በፊት የራሴን ስሕተት ላስቀድም።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ድፍን ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ እንዳስተምር ደረሰኝ። ድፍን ቁጥር የምለው እንደ 40፣ 300፣ 2,000 ያለውን፣ መጨረሻው ዜሮ የሆነውን ነው። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ዜሮዎቹን ወደ ጎን ተዉአቸው፣ የቀሩትን ደምሩ ወይም ቀንሱ፣ ከዚያ ዜሮዎቹን መልሳችሁ ጻፉ አልኳቸው። 300 ሲደመር 400? 700! 800 ሲቀነስ 500? 300! ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ወጣሁ።

በማግሥቱ 500 ሲቀነስ 30 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ደብተር ሳርም ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች 200 ብለዋል። እንዴት? ያው እኔ እንዳስተማርኳቸው ነዋ! ዜሮዎቹን ተዉ፣ ከ5 ላይ 3 ቀነሱ፣ 2 አገኙ፣ ሁለት ዜሮ መልሰው ጻፉ። አንዷን ልጅ ጠርቼ፣ እናትሽ 500 ብር ይዛ ገበያ ብትወጣና የ30 ብር ሽንኩርት ብትገዛ ስንት ይተርፋታል ብዬ ጠየቅኋት። ብዙም ሳታስብ 470 አለችኝ። ታዲያ ደብተርሽ ላይ ለምን 200 ሆነ ስላት፣ አንዴ ደብተሩን አንዴ እኔን እያየች ዝም አለች። ለካስ ለእሷ የገበያው 500 እና የደብተሩ 500 የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ኖረዋል።

ይህን ለሒሳብ አሠልጣኛችን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ስለ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሕይወት እንዳነብ ብቻ መከሩኝ። አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ ላካፍላችሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መምህር አልሆንም ያለችው ልጅ

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር፣ በአንኮና አቅራቢያ በምትገኘው ኪያራቫሌ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ አሌሳንድሮ በመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። እናቷ ሬኒልዴ ስቶፓኒ ደግሞ ለዚያ ዘመን ሴት የተማረችና መጽሐፍ የምትወድ ነበረች። ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሮም ተዛወረ። አንዲት ልጅ ብቻ ስለነበረቻቸው ተስፋቸው ሁሉ በእሷ ላይ ነበር።

ማሪያ በ13 ዓመቷ፣ በ1883፣ ወንዶች በሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። ከሁሉ ትምህርት ሒሳብ ይማርካት ስለነበር መሐንዲስ የመሆን ሐሳብ አደረባት። ወላጆቿ ግን ለሴት ልጅ የሚሆነው ሙያ መምህርነት ነው ብለው መከሯት። እሷ መምህርነትን ፈጽሞ አልፈልግም አለች። እኛ መምህርነትን የመረጥን ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። በኋላ ስሟ በመምህራን ሁሉ አፍ የገባው ሴት አጀማመሯ እንዲህ ነበር።

ቆይቶ ሐሳቧ ከምሕንድስና ወደ ሕክምና ዞረ። ይህን ጊዜ አባቷ ተቃወመ፣ እናቷ ደገፈቻት። በሮም ዩኒቨርሲቲ ስትማር ሴት ከወንዶች ጋር ሆና የሰው ሬሳ ማየት ነውር ነው ስለተባለ፣ የአካል ክፍሎችን ትምህርት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ለብቻዋ ትሠራ ነበር። ይህን ሁሉ ችላ በጁላይ 1896 ተመረቀችና ከኢጣሊያ የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በበርሊን በተደረገ የሴቶች ጉባኤ ላይ አገሯን ወክላ ተገኝታ፣ ሴት ሠራተኞች ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲያገኙ ተከራክራለች።

አይማሩም የተባሉት ልጆች

ከተመረቀች በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመደበች። ሥራዋ በሮም ወደሚገኙ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች አደረሳት። እዚያ የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። በአንደኛው ክፍል የነበሩ ልጆች ምግብ ከበሉ በኋላ ወለል ላይ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ሲለቃቅሙ ጠባቂያቸው ሆዳምነት ነው ብላ ትጸየፋቸው እንደነበር ይነገራል። ወጣቷ ሐኪም ግን ዙሪያውን ብትቃኝ በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት አንድም ነገር አልነበረም። የተራበው ሆዳቸው ሳይሆን እጃቸው ነው ብላ ደመደመች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት የፈረንሣይ ሐኪሞች የጻፉትን ማጥናት ያዘች። እነዚህ ዣን ኢታርና ተማሪው ኤድዋር ሴገን ናቸው። ሁለቱም መስማትና መናገር የተሳናቸውን ወይም አእምሯቸው የዘገየ ልጆችን በሚዳሰስና በሚጨበጥ ዕቃ ለማስተማር የደከሙ ነበሩ። ማሪያ የእነሱን መጻሕፍት በእጇ እየተረጎመች ገለበጠች። በ1900 እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራን ማሠልጠኛ በሮም ሲከፈት ከሐኪሙ ከጁሴፔ ሞንቴሳኖ ጋር እንድትመራው ተደረገ። ቀን ከልጆቹ ጋር ትውላለች፤ ማታ ያየችውን ትጽፋለች፤ አዲስ የማስተማሪያ ዕቃም ታሠራለች።

ውጤቱ ሰውን ሁሉ አስገረመ። አይማሩም ተብለው ከተተዉት ልጆች አንዳንዶቹ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቀርበው የንባብና የጽሕፈት ፈተና አለፉ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ግን ሌላ ነገር ያብሰለስላት ጀመር። እነዚህ ልጆች ጤነኞቹ ከደረሱበት ከደረሱ፣ ጤነኞቹ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ምን እየሆኑ ነው? ጥፋቱ የልጅ ነው ወይስ የማስተማሪያው መንገድ?

በዚያው ጊዜ በግል ሕይወቷ ከባድ ነገር ደርሶባት ነበር። በ1898 ከሞንቴሳኖ ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱ አልተጋቡም። ሳያገቡ መውለድ ለሴት የሥራዋ መጨረሻ በሆነበት ዘመን ልጁ በገጠር ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥቶ አደገ። እናቱ ሄዳ ትጎበኘው ነበር እንጂ ማንነቷን አልነገረችውም። ወደ ራሷ የወሰደችው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ነው። የዓለምን ልጆች ያስተማረች ሴት የራሷን ልጅ ማሳደግ አልቻለችም። ታሪኳን የሚያነብ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም።

የሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤት

ሳን ሎሬንዞ በሮም የድሆች ሰፈር ነበር። አንድ የቤቶች ድርጅት እዚያ የነበሩ ያረጁ ሕንፃዎችን አድሶ ሠራተኛ ቤተሰቦችን አስገባ። እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ለትምህርት ያልደረሱት ልጆች ደረጃውና ግድግዳው ላይ እየተጫወቱ አዲሱን ቀለም አበላሹት። ድርጅቱም ግድግዳ በየጊዜው ከማስጠገን ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ማዋል ይሻለኛል ብሎ ሥራውን ለሞንቴሶሪ ሰጣት። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 የመጀመሪያው የሕፃናት ቤት፣ በኢጣሊያንኛው ካዛ ዴይ ባምቢኒ፣ ተከፈተ። ሃምሳ ያህል ሕፃናት ነበሩ።

ሞንቴሶሪ በልጆች ቁመት ልክ ወንበርና ጠረጴዛ አሠራች፤ ለዘገዩት ልጆች ያዘጋጀቻቸውንም ዕቃዎች አመጣች። ከዚያ ዝም ብላ ተመለከተች። አንዲት ሦስት ዓመት ያህል የሆናት ልጅ የእንጨት ድብልብሎችን በየቀዳዳቸው እየከተተች፣ እያወጣች፣ እንደገና እየከተተች ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው። ሌሎቹ ሲዘፍኑ ቀና አላለችም፤ ከነወንበሯ ሲያነሷትም ሥራዋን አላቋረጠችም። ልጅ ትኩረት የለውም የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን ሐኪሟ በዚያ ዕለት አየች። ልጅ ትኩረት የሚያጣው እጁ ባዶ ሲሆን ነው። በ1909 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

ዜሮ፣ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ

አሁን ወደ እኔ ችግር ደረስን። ሞንቴሶሪ ልጅ ቁጥርን ከመጻፉ በፊት እንዲይዘው ታደርግ ነበር። መጀመሪያ አጭሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር የሆኑ አሥር ዘንጎች አሉ፤ ከ1 እስከ 10 በርዝመት ይታያሉ። ዜሮን ደግሞ በጨዋታ ታስተምረው ነበር። ልጁን ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ና ትለዋለች፤ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ና ትለዋለች፤ ይመጣል። ዜሮ ጊዜ ና ስትለው ዘሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለምን መጣህ፣ ዜሮ ጊዜ እኮ ነው ያልኩህ ትለዋለች። ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ እየፈነዱ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ይቀመጡ ነበር። ዜሮ ምንም ማለት መሆኑን በገዛ እግራቸው ተማሩ።

ከዚያ ወርቃማ ቀለም ያላቸው ዶቃዎች ይመጣሉ። አንድ ዶቃ አንድ ነው። አሥር ዶቃ በሽቦ ተሰክቶ አንድ ዘንግ ሲሆን አሥር ነው። አሥር ዘንግ ጎን ለጎን ሲታሠር አራት ማዕዘን ምንጣፍ መስሎ መቶ ይሆናል። አሥር ምንጣፍ እላይ በላይ ሲደረደር እንደ ሳጥን ያለ ኪዩብ ሆኖ ሺህ ይሆናል። አንዱን ዶቃ ልጅ በሁለት ጣቱ ያነሳዋል፤ ሺሁን ግን በሁለት እጁ ነው የሚያቅፈው። 1 እና 1,000 በወረቀት ላይ የሚለያዩት በሦስት ትንንሽ ክቦች ብቻ ነው። በእጅ ሲያዙ ግን ማንም አያምታታቸውም።

መደመሩ በኅብረት ነው። አንዱ ልጅ በትሪ 3 መቶ፣ ሌላው 4 መቶ፣ ሦስተኛው 5 መቶ ይዞ ይመጣል። ሁሉም አንድ ላይ ይደረጋል፤ ይቆጠራል፤ 12 የመቶ ምንጣፍ። አሥሩን ወደ ባንኩ ይወስዱታል፤ ባንክ የሚባለው ዶቃው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው። በአሥሩ መቶ ፈንታ አንድ የሺህ ኪዩብ ይቀበላሉ፤ ሁለት መቶ ይተርፋል። 1,200 ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዜሮን ወደ ጎን የማድረግ ነገር የለም። ልጁ የደመረው 3፣ 4 እና 5ን ነው፤ ግን የምን 3፣ የምን 4፣ የምን 5 እንደሆነ ያውቃል።

የእኔ ዘዴ የጎደለው ይህ ነበር። ሦስት በሬና አራት በሬ ሰባት በሬ ነው። ከአምስት በሬ ላይ ሦስት ዶሮ ሲቀነስ ግን ሁለት በሬ አይሆንም! 300 ሲደመር 400 ላይ ሁለቱም መቶዎች ስለሆኑ የኔ ማታለያ ሠራ። 500 ሲቀነስ 30 ላይ አንዱ መቶ፣ ሌላው አሥር ነው። ዜሮዎቹን ወደ ጎን ስጥል የበሬውንና የዶሮውን ስም ነው የጣልኩት።

በሞንቴሶሪ ክፍል ግን ልጁ አምስት የመቶ ምንጣፍ ይዟል። ሦስት አሥር ስጥ ይባላል። ትሪውን ቢያይ አሥር የሚባል የለም። ስለዚህ አንዱን መቶ ባንክ ወስዶ ይመነዝረዋል፤ አሥር ዘንግ ይሰጡታል። ከዚያ ሦስቱን ይሰጣል። አራት ምንጣፍና ሰባት ዘንግ ይቀረዋል፤ 470። እኛ በትምህርት ቤት ከጎረቤት ቤት ተበደር እየተባልን ነው የተማርነው። አንድ ልጅ ተበድረን መቼ ነው የምንመልሰው ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? መመንዘር ግን ሱቅ የተላከ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። መቶ ብር ሲመነዘር ወረቀቱ ይበዛል እንጂ ገንዘቡ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ከዶቃው ጋር የቁጥር ካርዶች አሉ። 400 የተጻፈበት ካርድ ሰፊ ነው፤ የ70ው ከእሱ ያጥራል። የ70ውን በስተቀኝ በኩል በ400 ላይ ሲያስቀምጡት 470 ይነበባል። ዜሮዎቹ አልጠፉም፤ ቦታ ጠብቀው ከሥር ተኝተዋል። ካርዱን ሲያነሱት ተመልሰው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። 300 ስንጽፍ ፫፻ ነው፤ ሦስትና መቶ። 400 ደግሞ ፬፻። 1,000 ፲፻ ነው፤ አሥር መቶ ማለት ነው፤ ይኸው አሥር ምንጣፍ ሲደረደር ሺህ እንደሚሆነው። ከላይ በዶቃ የደመርነው 1,200ም ፲፪፻ ተብሎ ይጻፋል። እርግጥ ለአሥሮቹ ይህ አይሠራም፤ ፳፣ ፴፣ ፵ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው። ቢሆንም አባቶቻችን መቶን ሲጽፉ ስሙን ከነአካሉ ይጽፉት ነበር ማለት ይቻላል።

ስደትና ፍጻሜ

የሞንቴሶሪ ሕይወት ከዚያ በኋላ መንገድ የበዛበት ነው። በ1913ና በ1915 አሜሪካ ሄዳ ታላቅ አቀባበል ተደረገላት። ነገር ግን በ1914 ኪልፓትሪክ የተባለው የትምህርት ሊቅ ዕቃዎቿ ልጁን በአንድ መንገድ ብቻ ያስኬዱታል ብሎ ነቀፋት፤ በዚያ አገር የነበረው ጉጉትም ቀዘቀዘ። ከ1916 ጀምሮ ባርሴሎናን መቀመጫዋ አደረገች። ስለ ሒሳብ አስተማሪነት የጻፈችው ትልቅ መጽሐፍ በ1934 የታተመው በዚያው ከተማ ነው።

በ1924 ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኘችና መንግሥቱ ለትምህርት ቤቶቿ የሰጠውን ድጋፍ ተቀበለች። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማንበብ የሚከብድ ምዕራፍ ነው። ልጅን በነፃነት አሳድጉ የምትል መምህርትና ልጆችን ወታደር አድርጎ ማሳደግ የፈለገ መንግሥት ግን አብረው ሊዘልቁ አልቻሉም። በ1934 ተቆራረጡ፤ በኢጣሊያ የነበሩ ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ። በተከታዩ ዓመት ያ መንግሥት አገራችንን ወረረ። በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ከባርሴሎናም ተሰደደችና መጨረሻ በሆላንድ ተቀመጠች።

በ1939 መጨረሻ፣ የ69 ዓመት አሮጊት ሆና፣ መምህራን ለማሠልጠን ከልጇ ከማሪዮ ጋር ወደ ሕንድ ሄደች። ኢጣሊያ በ1940 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ እንግሊዞች ማሪዮን እንደ ጠላት ዜጋ አሰሩት። ሰባኛ ዓመቷን ባከበረችበት ቀን ለልደቷ ስጦታ ብለው ፈቱላት። ጦርነቱ እስኪያልቅ በሕንድ ቆይታ ከ1,000 በላይ መምህራን አሠለጠነች። በ1946 ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከ1949 እስከ 1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ሦስት ጊዜ ታጨች። ሜይ 6 ቀን 1952 በሆላንድ ኖርድዋይክ በተባለ የባሕር ዳር ከተማ በ81 ዓመቷ ዐረፈች።

በ1990 የኢጣሊያ መንግሥት መልኳን በአንድ ገንዘብ ኖት ላይ አወጣው። ኖቱ ስንት ነበር ብትሉ፣ የ1,000 ሊሬ! ኢጣሊያ በ2002 ወደ ዩሮ እስከገባችበት ጊዜ ድረስ ልጆች ሱቅ ሲላኩ የሚይዙት የእሷን ሺህ ነበር።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። የወርቅ ቀለም ዶቃ ከየት ይመጣል? በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ልጆቹ ከየቤታቸው አጫጭር ጭራሮ እንዲያመጡ ነገርኳቸው። እንደ ሃምሳው ሎሚ ለእኔ ሸክም የሚሆነው ለእነሱ ጨዋታ ሆነ። አሥር አሥሩን አሰርን፤ አሥር እስሩን ደግሞ አንድ ላይ አስረን መቶ አልነው። ያችን ልጅ አምስት መቶ አሸክሜ 30 ስጪኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችና አንዱን የመቶ እስር ፈታችው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ወደ ደብተሯ ሄዳ 200ውን ሰርዛ 470 ብላ ጻፈች።

ሁሉም ልጆች አልገባቸውም፤ አንድ ሳምንት አይበቃም። እኔም ገና ሠልጣኝ ነኝ። ግን ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ስንወጣ ዜሮዎቹን ወደ ጎን ተዉ ከማለታችን በፊት አንድ መቶ አስረን ይዘን እንግባ።